የልጄ ስም ስንት ያወጣል?

እናቶች ሆይ፣ አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁ። በባዕድ አገር ኮሌጅ የምትማር ልጃችሁ አንድ ማታ ደውላ፣ «እማዬ፣ አንድ የስፖርት ጫማ ሱቅ በስሜና በፎቶግራፌ እንዲያስተዋውቅ ከፈቀድኩለት በወር 300 ዶላር እከፍልሻለሁ አለኝ» ብትላችሁ ምን ትመልሱላታላችሁ?

እኔ የመለስኩትን ልንገራችሁ። «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ፈርሚ እንጂ!» ነበር ያልኳት። ደግነቱ አልታዘዘችኝም። ታዛኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሌላ ስሜት ነበር። እኔ በኋላ የተማርኩትን እናንተ አስቀድማችሁ ብታውቁት ይጠቅማችኋል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለእኔ ዓይነቷ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ሯጭ ናት። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ ቡድን ስትሮጥ ቆይታ፣ ከሁለት ዓመት በፊት በአሜሪካ በአንዲት ትንሽ ከተማ የሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጣት። የትምህርቷን፣ የመኝታዋን፣ የምግቧንና የመጽሐፏን ወጪ ኮሌጁ ይችላል፤ እሷ ደግሞ የኮሌጁን መለያ ለብሳ ትሮጣለች። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቴ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ከእሷ በታች ገና በትምህርት ላይ ያለ ወንድ ልጅ አለኝ። የቤት ኪራዩን፣ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የአስቤዛውን ነገር ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ወር በገባ ቁጥር ሁላችንም የምንሠራው ሒሳብ ነው።

እንግዲህ 300 ዶላር ሲባል በጆሮዬ የገባው ገንዘቡ ብቻ ነበር። ልጄ፣ «የቡድን ጓደኞቼ ይህን ይሠራሉ፤ አንዷ ለምግብ ቤት፣ ሌላዋ ለልብስ ሱቅ በስልኳ ታስተዋውቃለች። እኔ ግን አስቀድሜ የውጭ ተማሪዎች ጉዳይ ቢሮን ልጠይቅ» ስትለኝ ነገሩ ፍርሃት መሰለኝ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብዬ ተረትኩባት። ጉልበትሽ ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም ማለቴ ነበር። ይህም አልበቃ ብሎኝ የወንድሟን የትምህርት ቤት ክፍያ አነሣሁባት።

ከሦስት ቀን በኋላ ደውላ፣ «አልፈረምኩም እማዬ፤ አይፈቀድልኝም» አለችኝ። ምክንያቷን እንኳ በቅጡ ሳልሰማ፣ «የሰው ልጆች የሚያገኙትን አንቺ ምን አግዶሽ ነው?» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ሁለት ሳምንት ያህል ከደረቅ ሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም። ዝምታውን የሰበረው ትንሹ ልጄ ነው። አንድ ማታ እራት ላይ ቀና ብሎ፣ «እማ፣ እሷ እኮ ብትፈርም ኖሮ ቪዛዋ ተበላሽቶ ልትመለስ ትችል ነበር። ተቆጥተሽ ስለነበር ለአንቺ መንገር ፈርታ ነው» አለኝ። የጠቀለልኩት ጉርሻ በእጄ እንዳለ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ነው መጠየቅና ማንበብ የጀመርኩት። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ፋይል ሳገላብጥ የኖርኩ ሴት፣ የገዛ ልጄን ፋይል ሳልከፍት መፍረዴ አሳፈረኝ።

ለመሆኑ ይህ የኮሌጅ ስፖርተኞች ክፍያ የሚባለው ነገር ምንድን ነው? ዘመኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋቸዋለሁ።

በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት እኛ እንደምናውቀው የትምህርት ቤቶች ውድድር አይደለም። ትልልቆቹ የኮሌጅ ስታዲየሞች ከ100 ሺህ ሰው በላይ ይይዛሉ። የቴሌቪዥን ኩባንያዎች ጨዋታውን ለማሳየት እጅግ ብዙ ገንዘብ ያፈሳሉ። የታላላቅ ቡድኖች አሠልጣኞች ደመወዛቸው በሚሊዮን ዶላር ይቆጠራል። ላቡን የሚያፈሰው ወጣት ግን ከትምህርቱና ከኑሮ ወጪው አልፎ በስሙና በመልኩ አንድ ሳንቲም እንዳያገኝ፣ ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. የተባለውና በ1906 የተመሠረተው የኮሌጆች የስፖርት ማኅበር ለረጅም ዘመን ከልክሎ ኖሯል። በስሙ ማስታወቂያ የሠራ ተማሪ ከውድድር ይታገድ ነበር።

ክልከላው የተገነባው «ተማሪ ስፖርተኛ» በሚል ስያሜ ላይ ነው። ስያሜው ሲሰሙት ክብር ይመስላል። ማኅበሩን ከ1951 ጀምሮ ከ35 ዓመት በላይ የመሩት ዋልተር ባየርስ ግን፣ በ1995 ባሳተሙት መጽሐፍ ስያሜው ለምን እንደተፈጠረ ገልጸውታል። ኮሌጆቹ ለተጎዱ ተጫዋቾች የሥራ ላይ አደጋ ካሣ እንዳይጠየቁ ስለፈሩ ነበር። ተጫዋቹ ሠራተኛ ከተባለ ካሣ አለው፤ ተማሪ ከተባለ የለውም።

ይህ ነገር በአንዲት ሴት ላይ ምን እንዳደረሰ ተመልከቱ። በ1955 ሬይ ዴኒሰን የተባለ ወጣት በኮሎራዶ ግዛት ለሚማርበት ኮሌጅ፣ ያንን በእጅ እየያዙ የሚጋጩበትን የአሜሪካ እግር ኳስ ሲጫወት ጭንቅላቱን ተመታና ሞተ። ሚስቱ፣ «ባሌ በኮሌጁ ሥራ ላይ ሳለ ነው የሞተው» ብላ ካሣ ጠየቀች። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1957 ፈረደ። ኮሌጁ የእግር ኳስ ንግድ ውስጥ ስላልሆነ ሟቹ ሠራተኛ አይባልም፣ ካሣም አይገባም አለ። ሴትዮዋ ባዶ እጇን ቀረች።

ይህን ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እኔም የባለቤቴን የካሣ ፋይል በብብቴ ይዤ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው የተንከራተትኩ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ሾፌር ነበር። «አደጋው የደረሰበት በሥራ ላይ ሳለ ነው ወይስ ወደ ቤቱ ሲመለስ?» በምትል አንዲት ጥያቄ ሰባት ወር ተመላልሻለሁ። አንዲት ቃል የአንድን ቤት ምሰሶ እንደምታቆምና እንደምትጥል ያየሁት ያኔ ነው። ስለዚህ ማንም «ለፍቅር ነው እንጂ ለሥራ አይደለም» ብሎ የልጅን ድካም ሲያቃልል ብትሰሙ፣ ትርፉ የማን ኪስ እንደሚገባ ጠይቁ እላችኋለሁ።

ነገሩ እንዲሁ አልቀረም። ኤድ ኦባነን የተባለ የቀድሞ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች፣ ቡድኑን በ1995 ለሻምፒዮንነት ያበቃ ሰው፣ ከዓመታት በኋላ በወዳጁ ቤት አንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ሲያይ ራሱን አገኘው። መልኩ የሱ፣ የማልያው ቁጥር የሱ፣ በግራ እጁ መወርወሩ እንኳ የሱ ነበር። ማንም አላስፈቀደውም፤ ማንም አልከፈለውም። በ2009 ከሰሰ፤ በ2014 ተፈረደለት። በ2019 የካሊፎርኒያ ግዛት ተማሪዎች በስማቸው እንዲጠቀሙ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። በሰኔ 2021 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ሆነው፣ ለተማሪዎች በሚሰጡ የትምህርት ጥቅሞች ላይ ማኅበሩ የጣለውን ገደብ ሻሩት። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ሐምሌ 1 ቀን 2021፣ ማኅበሩ በሩን ከፈተ፤ ተማሪዎች ስማቸውንና መልካቸውን ለማስታወቂያ እንዲያከራዩ ፈቀደ። በሰኔ 2025 ደግሞ ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት፣ ላለፉት ዓመታት 2.8 ቢሊዮን ዶላር ያህል ካሣ እንዲከፈልና ኮሌጆቹም ራሳቸው በመጀመሪያው ዓመት እያንዳንዳቸው እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርተኞቻቸው እንዲያካፍሉ ተወሰነ።

እዚህ ላይ ለእኛ ለሴቶች የሚሆን ነገር አለ። በሩ በተከፈተበት በዚያው ቀን ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች መካከል የነበሩት ሁለት ሴቶች ናቸው። የካሊፎርኒያው ፍሬስኖ ስቴት የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች፣ መንትያዎቹ ሄሊና ሐና ካቪንደር፣ ከአንድ የስልክ ኩባንያ ጋር ተዋዋሉ። ኬትሊን ክላርክን ደግሞ ምናልባት በቴሌቪዥን አይታችኋት ይሆናል። በ2024 የእሷ ቡድን የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የተጫወተበትን የሴቶች ፍጻሜ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመለከተው፤ የወንዶቹን ፍጻሜ ያየው ከ15 ሚሊዮን አላለፈም። ይህች ልጅ በዚያው ዓመት ወደ ባለሙያዎቹ ሊግ ስትገባ የመጀመሪያ ዓመት ደመወዟ 76,535 ዶላር ብቻ ነበር። ገና ኮሌጅ ሳለች ግን ታላላቅ የጫማ፣ የመጠጥና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በስሟ ያስተዋውቁ ነበር። የሴት ላብ በደመወዝ መዝገብ ላይ ሲያንስ፣ ስሟን ራሷ የምታዝበት መሆኑ ትልቅ ነገር ነው።

ሚዛኑ ግን አሁንም አልተስተካከለም። ከ2.8 ቢሊዮኑ ካሣ ሲሶ እንኳ ለሴቶች አልደረሰም። በስምምነቱ ቀመር መሠረት 75 በመቶ ያህሉ ለእግር ኳስ ተጫዋቾች፣ 15 በመቶው ለወንዶች ቅርጫት ኳስ፣ 5 በመቶው ለሴቶች ቅርጫት ኳስ፣ የቀረው 5 በመቶ ለሌላው ስፖርተኛ ሁሉ ነው። እንደ ልጄ ያለች ሯጭ የምትቆጠረው በመጨረሻዋ 5 በመቶ ውስጥ ነው። በ1972 የወጣው ሕግ በትምህርት ቤት ሴትና ወንድ እኩል ዕድል እንዲያገኙ ያዛል በማለት ስምንት ሴት ስፖርተኞች በ2025 ይግባኝ ማለታቸው አላስደነቀኝም።

አሁን ወደ ልጄ ጉዳይ ልመለስ። ከውጭ አገር የሚሄድ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ኤፍ ዋን የሚባለውን የተማሪ ቪዛ ነው። ይህ ቪዛ የተሰጠው ለትምህርት ነው። ተማሪው በትምህርት ወራት በኮሌጁ ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይችላል። ከግቢ ውጭ ግን ያለ ልዩ ፈቃድ መሥራት ክልክል ነው። ለሱቅ ፎቶግራፍ መነሣትና በስልክ ማስተዋወቅ እንደ ሥራ ሊቆጠር ይችላል። ከተቆጠረ ቪዛው ይበላሻል፤ ትምህርቱም አብሮ ይሄዳል። የሌላ አገር ልጆች ሜዳውን ሲካፈሉ የገንዘቡ በር ግን ለብዙዎቹ ዝግ ነው። በ2022 የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲው ኮንጎአዊ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ኦስካር ሺብዌ፣ ቡድኑ ወደ ባሃማስ ደሴቶች በተጓዘ ጊዜ፣ ከአሜሪካ ውጭ እያለ ነው የማስታወቂያ ሥራውን የሠራው። እንዲህ ዓይነቱ መላ ግን ታዋቂ ለሆነና ጠበቃ ለቆመለት ነው። ለእኔ ልጅ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው።

ይህ ሁሉ ከገባኝ በኋላ ልጄን ደወልኩላት። ይቅርታ መጠየቅ ለእናት ቀላል አይደለም፤ ታውቁታላችሁ። «የኔ እናት፣ እስቲ ውሎሽን ንገሪኝ» ብቻ አልኳት። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ ትሮጣለች። ከዚያ ክፍል ትገባለች። ከሰዓት በኋላ እንደገና ልምምድ፣ ከዚያ የክብደት ማንሻ ክፍል፣ ማታ ጥናት። ደንቡ ልምምዱ በሳምንት ከ20 ሰዓት እንዳይበልጥ ያዛል፤ ነገር ግን የውድድር ቀን ምንም ያህል ቢረዝም 3 ሰዓት ተብሎ ነው የሚቆጠረው። ለውድድር በአውቶቡስ ሌሊቱን ሲጓዙ ማደርን የሚቆጥር የለም። በዚህ ላይ የሱቁ ውል በየሳምንቱ ሦስት ፎቶግራፍና በየወሩ ሁለት ቅዳሜ ሱቁ ውስጥ መቆምን ይጠይቅ ነበር። ቅዳሜ ደግሞ ልጄ እንቅልፏን የምትጨርስባት ብቸኛ ቀን ናት።

ያኔ ነው ራሴን ያየሁት። ኮሌጁን፣ ማኅበሩን፣ ቴሌቪዥኑን «በልጆች ጉልበት ይነግዳሉ» ብዬ ስፈርድ ቆይቼ፣ እኔም እናቷ በልጄ እግር ላይ ሒሳብ ስሠራ ተገኘሁ። ደውላ «ሮጥኩ» ስትለኝ «ስንተኛ ወጣሽ?» እላለሁ እንጂ «ደከመሽ ወይ?» ብዬ አላውቅም።

እህቶቼ፣ ይህ የአሜሪካ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዋሽንግተን አካባቢና በሌሎችም የአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች እዚያው ተወልደው ለኮሌጅ ይጫወታሉ፤ እነሱ ቪዛ አያግዳቸውምና ውሉ በየቀኑ ሊመጣላቸው ይችላል። በእኛም አገር ወጣት ሯጮች ገና በለጋ ዕድሜያቸው ከጫማ ኩባንያና ከወኪል ጋር ይፈራረማሉ። ወረቀቱ በባዕድ ቋንቋ፣ ልጁ ደግሞ በደስታ ሰክሮ። ስለዚህ እኔ በስሕተቴ የተማርኩትን በቁጥር ላስቀምጥላችሁ።

አንደኛ፣ ውል ከመፈረሙ በፊት በምትረዱት ቋንቋ ይነበብላችሁ። በአገራችን ሕግ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ አካለ መጠን አልደረሰምና የእናንተ ፊርማ ትልቅ ኃላፊነት ነው። ልጁ ውጭ አገር ከሆነ፣ ቪዛው ይፈቅድ እንደሆነ ከሁሉ አስቀድሞ የኮሌጁን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ይጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ውሉ መቼ እንደሚያልቅ እዩ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ ውል ግን ማብቂያ ቀን ሊኖረው ይገባል። በ2022 ጀርቮን ዴክስተር የተባለ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ከአንድ ኩባንያ 436,485 ዶላር ተቀብሎ ፈረመ። በምላሹ ወደ ባለሙያዎቹ ሊግ ሲገባ ከሚያገኘው ገቢ፣ ግብር ሳይቀነስለት፣ 15 በመቶውን ለ25 ዓመት ሊሰጥ ነበር። በ2023 ውሉ ይፍረስልኝ ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። ሃያ አምስት ዓመት ማለት እኮ የጎልማሳነት ዘመን ሁሉ ነው!

ሦስተኛ፣ ተስፋና ገንዘብ አንድ አይደሉም። ጄደን ራሻዳ የተባለ ወጣት በ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተስፋ ኮሌጅ መርጦ፣ ገንዘቡ ሳይከፈለው ቀርቶ በ2024 ክስ መሥርቷል። የተከፈለውም ገንዘብ ቢሆን ግብር አለበት። ሁሉንም በልቶ የጨረሰ ልጅ ዓመቱ ሲዞር ባለዕዳ ይሆናል።

አራተኛ፣ ውሉ ከልጁ ምን ያህል ሰዓት እንደሚወስድ ቁጠሩ። ከእንቅልፉና ከጥናቱ የሚወሰድ ከሆነ ዋጋው ርካሽ አይደለም። ጉልበት አንድ ቀን ይዝላል፤ የተማሩት ግን ይቀራል።

አምስተኛውን ለራሴ ነው የምጽፈው። የቤታችንን ችግር በልጃችን ትከሻ ላይ አስቀምጠን «ፈርሚ» አንበል። ለስፖርተኛ ልጅ በስሙ መጠቀም መብቱ ነው፤ ላቡ ነውና። መብት የሚሆነው ግን ሳይገደድ አውቆ ሲፈርም ነው።

የትንሹን ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ እንዴት እንዳደረግሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። የዕቁብ ጓደኞቼ ችግሬን ሰምተው ተራ ለወጡልኝ። አልፎ ሄደ።

ልጄ አሁን በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት በሳምንት ጥቂት ሰዓት መጽሐፍ ትደረድራለች። ግቢ ውስጥ ስለሆነ ቪዛዋ ይፈቅድላታል። የመጀመሪያ ክፍያዋን እንዳገኘች ደውላ፣ «እማዬ፣ ለወንድሜ ልላክለት?» አለችኝ። «አይሆንም፤ ብርድ ነው ብለሽኝ አልነበር? ጃኬት ግዢበት» አልኳት። ጥቂት ዝም አለችና ሳቀች።

ባለፈው እሑድ ከውድድር ተመልሳ ስትደውል «በላሽ? ተኛሽ?» እያልኩ ጠየቅኋት። ስንተኛ እንደወጣች ሳልጠይቃት ስልኩን ዘጋን። በማግስቱ ወንድሟ ነው ሁለተኛ መውጣቷን የነገረኝ።